«ግጥም፦ ሕዝብ» የተባልኩበት ዘፈን

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርጉ በሞቀበት ሰሞን ነው። እኔ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ የደንበኛ ልኬት ወስጄ ማታውን ይጠፋኛል። ይህን ግን ልርሳው ብልም የሚያስረሳኝ የለም። በየሠርጉ ይዘፈናል።

ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ከስፌቱ ሌላ ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ጠባይ ነው፤ ግጥም ይመጣልኛል። ዘፋኝ አይደለሁም፤ ድምፄ ከስፌት መኪናዬ አይሻልም። ሠርግ ቤት አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ፊቴ ሲቆም ግን አፌ አርፎ አይቀመጥም። ልማዱን የማያውቅ ካለ እንዲህ ነው፤ ግጥም የመጣለት ሰው «ተቀበል» ይላል፣ ስንኙን ይናገራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። አዝማሪው ሽማግሌ ቢሆን እንኳ በዚያች ሰዓት አንቱታው ይቀራል።

በታናሽ እህቴ በብርቱካን ሠርግ ያልኩት ግን ከሌላ ጊዜው ሁሉ ይለያል። እናታችን የሺ ያን ሠርግ ሳታይ ነው ያረፈችው። አባታችንን አናስታውሰውም፤ እናትም አባትም እሷ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ቁራጭ መሬት ጤፍና ድንች እየዘራች አሳደገችን። ጤፉ ተሸጦ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል፤ ድንቹ ይበላል። አያ ደምሴ የሚባሉት አዝማሪ ፊቴ መጥተው ሲቆሙ ታዲያ ከእሷ ሌላ ምንም አልታየኝም። «ተቀበል» አልኳቸው።

ጤፉን ለኛ ሸጣ በድንች በጨው ውላ፣
የሺ አሳደገችን እርሷ ከሰው ጎድላ።
ዛሬ ቤቱ ሞልቷል ሰው ይብላ ይጠጣ፣
አንድ ቦታ ተዉልኝ የሺዬ ብትመጣ።

አያ ደምሴ ተቀብለው ሲያዜሙት ከዳሱ ወጥቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ዳሱ ውስጥ የሆነውን አላየሁም። የሠርጉ ቪዲዮ ተሠርቶ ሲመጣም ያንን ቦታ ለማየት አልደፈርኩም፤ እህቴም እንደኔው።

ጊዜው ሄደ። አምና እንዳልኩት ባሕር ዳር ጨርቅ ልገዛ ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ፣ ሐሙሲት ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው ተሳፈረና ጠቅጠቅ ብለን መንገድ ቀጠልን። ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። ከበሮው ይደልቃል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔ የጨርቄን ዋጋ በልቤ ሳሰላ ነበር። ድንገት ዘፋኙ «ዛሬ ቤቱ ሞልቷል» ሲል ጆሮዬ ቆመ። ቀጠለና እንዲህ አለ፦

አንድ ቦታ ተዉልኝ ሆድዬ ብትመጣ።

የሺ የለችም። እናቴ ወጥታ ሆድዬ ገብታለች። በእጄ የቀበርኳት እናቴ ሄዳ፣ አንድ ጎረምሳ ጭፈራ ቤት ውስጥ ለፍቅረኛው ወንበር ይይዛል።

«አቁም» አልኩ። ሾፌሩ ወራጅ መስዬው ፍሬን ያዘ። «ወራጅ አይደለሁም፤ ግጥሙ የኔ ነው» ስል ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ዘፈኑን ፈለገና ወደኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ እዚህ ተጽፏል፤ ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ ይላል» አለኝ። ሌላው ከኋላ «ታዲያ እሷ ሕዝብ አይደለች እንዴ» ብሎ ሳቁን እንደ አዲስ አስጀመረው። መልስ ለመስጠት የማላንስ ሴት፣ ያን ቀን እንባዬ ቀደመኝ።

አጠገቤ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ሴት መሐረብ ሰጠችኝ። ሰብለ ትባላለች፤ ጠበቃ ናት። በማግስቱ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ጉዳይ ነበራት። እንባዬን እስክጠርግ ጠብቃ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ግጥሙን ከሰው ሰምተሽው ነው ወይስ ከራስሽ የወጣ ነው?»

«ከራሴ። እናቴ ናት።»

«ተጽፏል? ወይስ የቀረጸው ሰው አለ?»

የሠርጉ ቪዲዮ እንዳለ ነገርኳት። «እንግዲያው ያንቺ ነው» አለችኝ፤ ጠፍቶብኝ የነበረ ዕቃ እንዳገኘልኝ ሰው ረጋ ብላ።

የትም አላስመዘገብኩትም ብዬ ተከራከርኳት። ለራሴ ጠበቃ ተገኝቶልኝ እኔ ለተከሳሹ መቆሜ ነበር። ሰብለ ሳቀች። «ልጅ የእናቱ የሚሆነው የልደት ካርድ ሲወጣለት ነው? ካርዱ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ልጁን አይወልደውም። ግጥምም ከራስሽ አውጥተሽው ተጽፎ ወይ ተቀርጾ ከተገኘ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ነው» አለች።

«እኔ እኮ ተቀበል ብዬ በአፌ ሰጥቻቸዋለሁ» አልኩ።

«እንዲያዜሙት ሰጠሽ እንጂ የራሳቸው እንዲያደርጉት አልሰጠሽም። መብት በጽሑፍ ነው የሚተላለፈው፤ በጭብጨባ አይተላለፍም።»

ደስ ብሎኝ ገና ቀና ስል ግን፣ ዜማው የኔ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ያ የሠርግ ዜማ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው፤ እሱ በእውነት የሕዝብ ነው፣ እሱን የኔ ነው ብትይ አንቺም ሌባ ትሆኛለሽ አለች። ከዚያ «ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ስለማያውቅ አሰብኩ። «የእናቴ ስም ወደ ቦታው እንዲመለስ» አልኩ።

ሕጉ ለዚህም ቃል እንዳለው ነገረችኝ። ግጥም የደረሰ ሰው ስሙ እንዲጠራለት፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥበት የመጠየቅ መብት አለው። ደብረ ታቦር ስንወርድ የስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ። የድካሟን ስጠይቃት፣ ሲመችሽ አንድ ቀሚስ ትሰፊልኛለሽ ብላ በባጃጅ ሄደች።

በማግስቱ አያ ደምሴ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ሳሰናዳ ነው የሄድኩት፤ ስድቡ በቤት በቤቱ ሆኖ ግጥም ሊወጣው ምንም አልቀረውም ነበር። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የማሲንቆ ጭራ ያጠብቃሉ።

«አያ ደምሴ፣ የእናቴን ግጥም ለማን ሰጡት?» አልኩ ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

አልካዱም። ዮናስ የሚባል ወጣት ዘፋኝ ማሲንቆ እንዲመቱለት ባሕር ዳር ወስዷቸው ነበር። እዚያ፣ የሠርግ ግጥም ካወቁ ይንገሩኝ አላቸው፤ እሳቸውም ያችን ነገሩት።

«የማን ነው ብሎም ጠየቀኝ» አሉ። «የሕዝብ ነው አልሁት።»

«ስሜን አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነዋ የሸሸግሁት።»

አያ ደምሴ ማሲንቋቸውን አስቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «አዝማሪ ይቀበላል እንጂ ሰጪውን አይጠራም። አባቴ ማሲንቆ ሲያስይዙኝ መጀመሪያ ያስማሉኝ በዚህ ነው። ግጥም ሁሉ እንዳንቺው የእናት አይምሰልሽ። አንዱ ባለጠጋውን ይሸነቁጥበታል፣ አንዲቱ አማቷን ትወጋበታለች። ከጠላው በኋላ ማን ሰጠህ ብለው ሲይዙኝ ስም ብጠራ ኖሮ ስንቱ በተጋደለ። የሕዝብ ነው ስል ግን ያበቃል። ሕዝብን ማን ይከሰዋል?»

ያ ሁሉ ያሰናዳሁት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰውዬው ስሜን የደበቁት ሊሰርቁኝ አልነበረም፤ ሊጠብቁኝ ነበር። በአባታቸው መሐላ የጠበቁኝ መስሏቸው እናቴን አሳጡኝ። ለመናደድም ለማመስገንም የማይመች ነገር ነበር።

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ሰምተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አልሰሙትም። በስልኬ ከፈትኩላቸው። ማሲንቋቸውን ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ በጭንቅላታቸውም ምቱን ያዙ። «ሆድዬ» ላይ ሲደርስ ግን ጭንቅላታቸው ቆመ። «ይህን እኔ አላልሁትም» አሉ። «እኔ የሺዬ ነው ያልሁት።» እዚያው ስልካቸውን አወጡና ደወሉለት።

ነገሩን ነግረውት ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። ዮናስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ደነገጠ። የሕዝብ ነው ስለተባለ ነው፣ ስምሽን እንጨምራለን አለኝ። የእናቴን ስምስ ስለው ግን፣ ዘፈኑ አንዴ ወጥቷል፣ አዲስ መቅረጽ ቀላል አይደለም፣ ሰዉም ሆድዬን ለምዶታል አለኝ። ሰው ለምዷታል የተባለችው ሆድዬ እናቴን አባርራ የገባችው ናት። ስልኩን ዘጋሁበት።

ቀጥሎ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋው ነበር። የሰማ ሁሉ ሱቄ እየመጣ ይመክረኛል። አንዷ «ግጥምሽ አገር አዳረሰ፤ ደስ አይበልሽም?» ትለኛለች። ሌላዋ «ባለ ዘፈን ሆና ስፌት ልትተወን ነው» ብላ ታሾፍብኛለች። እነዚህን ችያቸው ነበር። እህቴ ብርቱካን ግን አንድ ቀን ቡና እየቀዳችልኝ «ተይው እታለም» አለችኝ። «እማ ብትኖር ራሷ ተይው ነበር የምትለው።» ያ ቆረጠኝ። እውነቷን መስሎኝ ነበርና ለሰብለ ደውዬ በቃኝ አልኳት።

ሰብለ አልተቆጣችም። ክስ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ፊት ለፊት እንነጋገር፣ ልጁን እኔ እጠራዋለሁ አለች። ለምን እንደማታርፍ ስጠይቃት፣ «በሚኒባስ ውስጥ ሲሳቅብሽ አይቻለሁ» ብቻ አለችኝ። የሷን ቀሚስ ያን ማታ መቁረጥ ጀመርኩ።

ዮናስ እሑድ ቀን መጣ። አያ ደምሴ ሽማግሌ ሆነው አብረው ገቡ። እህቴ ቤት ተቀመጥን። ልጁ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ጭፈራ ከየት እንደወጣው እንጃ።

ሰብለ ጉዳዩን ለያይታ አስቀመጠችው። ድምፁ የዮናስ ነው፣ ያለፈቃዱ ማንም ወስዶ አይሸጥበትም። የማሲንቆው አመታት የአያ ደምሴ ነው፤ እሳቸውም ስማቸው አልተጻፈም፣ መጻፍ ነበረበት። ይህን ስትል አያ ደምሴ ቀና አሉ፤ ለካ እሳቸውም ኖሯል የተበደሉት። ዜማው የሕዝብ ነው። ግጥሙ የእማዋይሽ ነው። እማዋይሽ እኔ ነኝ። «የአንዱ ድርሻ የሌላውን አይውጥም፤ ሁላችሁም አላችሁበት» አለች።

ዮናስ አልተቃወመም፤ ግን ግጥሙ የኔ መሆኑን በምን ልወቅ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አንዴ የሕዝብ ነው ተብሎ ተታሏል። ብርቱካን ተነሥታ የሠርጉን ቪዲዮ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተች። እሷም እኔም ያንን ቦታ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር።

እኔ በቀይ ሹራቤ ቆሜ «ተቀበል» ስል ይታያል። አያ ደምሴ ይቀበላሉ። እኔ ፊቴን ሸፍኜ ስወጣ ይታያል። ካሜራው አልተከተለኝም፤ እዚያው ቀረ።

«አንድ ቦታ ተዉልኝ» ሲሉ፣ ከፊት ረድፍ ጎረቤታችን አባባ መኩሪያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። የዳሱ ትልቅ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። የተቀመጡበትን ወንበር በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ሄደው ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆሙ። አንድ ልጅ ሮጦ ሊቀመጥበት ሲል እናቱ ክንዱን ይዛ መለሰችው። ሌላ ሴት መጥታ ከወንበሩ ፊት ጠላ በብርጭቆ አስቀመጠች። ጭፈራው ቀጠለ፣ ሰው ይገፋፋል፣ ቦታ ጠቦ ሕፃናቱ መሬት ተቀምጠዋል። ያ ወንበር ግን ቪዲዮው እስኪያልቅ ባዶውን ነበር።

እኔ ጓዳ ውስጥ እናቴ የለችም ብዬ ሳለቅስ፣ ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ቦታዋን ይዞላት ነበር። ከብርቱካን ጋር ተቃቅፈን አለቀስን። ከሠርጓ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያን ቀን ያለቀሰችው ይመስለኛል።

ዮናስ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። «እኔ ይህን አላወቅሁም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ የሺዬ ብዬ ልሞክረው?» አለኝ። አያ ደምሴ ማሲንቋቸውን ከቤት ይዘው መጥተው ኖሯል። ልጁ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ፣ አራቱንም ስንኝ እዚያች ሳሎን ውስጥ ዘፈነው። ድምፁ ለካ ያምራል። ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ሰብለ ውሉን በጽሑፍ አደረገችው፤ ፈረምን። ዘፈኑ እንደገና ተቀረጸና ወጣ። «ግጥም፦ እማዋይሽ፤ ዜማ፦ የሕዝብ፤ ማሲንቆ፦ ደምሴ» ይላል። አልከበርኩበትም፤ ዛሬም መርፌዬን እንደያዝኩ ነኝ። ሆድዬ ያለችበትም አልጠፋችም፤ አንዳንድ ጭፈራ ቤት አሁንም ትሰማለች አሉ። ሠርግ ቤት ግን የሚዘፈነው የየሺ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይበቃኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን አያ ደምሴ ኮታቸው ተተርትሮ ላሰፋ ብለው ሱቄ መጡ። እኔ ስሰፋ እሳቸው ያወራሉ።

«እንደዚያች ጠበቃ አነጋገርማ ይህ ሁሉ የሕዝብ የምለው ባለቤት አለው» አሉ። «አሁን ብናገር ምን ይለኛል? ባለቂሙም ባለግጥሙም አልፏል።» ከዚያ እያንጎራጎሩ ባለቤቶቹን ይጠሩልኝ ጀመር። ይህችን የሰጡኝ እብናት የነበሩ መሪጌታ ናቸው፤ ራሳቸው ማለት ስላፈሩ ሌላ ሰው ልከው ነው አሉ። ይህቺ የአንድ ነጋዴ ናት፣ ይህቺ የአንዲት ጠላ ሻጭ ናት። በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ቀጠሉና ይህችን አንጎራጎሩ፦

ዳሱ መች ጠበበ ሰው መች ተጨነቀ፣
ጠላው ነው ጋን ገብቶ ከኛ የተደበቀ።

ሁለተኛውን ስንኝ ከሳቸው እኩል ነው ያልኩት። ይህችን የማያውቅ የለም፤ የሚሰስት ሠርግ ሲያጋጥም የምትወረወር ናት። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «ተቀበል» ብያታለሁ፤ የማን እንደሆነች ለመጠየቅ አስቤም አላውቅም።

«ይህቺስ የማን ናት?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

አያ ደምሴ ግን አልሳቁም። «የአንድ ባለጠጋ ሠርግ ነበር» አሉ። «አንዲት ልጅ እግር ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ስመጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ተቀበል አለችኝ። የሰውዬውን መሬት ነበር የሚያርሱ፣ ቢሰማ ያባርራቸዋል። ስሜን እንዳትጠሩ በማርያም ብላ ለመነችኝ። አልጠራሁም፤ ለባሌም አትንገሩ ብላኝ ለሱም አልነገርሁት። ዳሱ በሳቅ ሲፈርስ እሷ ከማንም በላይ ኮስተር ብላ ቆማ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «የሺ ናት ልጄ። እናትሽ ናት» አሉኝ።

መኪናውን አቆምኩ። እናቴን የማውቃት ዝም ብላ ስትሠራ ነው። ስትቀልድ ሰምቻት አላውቅም፤ ድካሙ ሳቋን የጨረሰባት ይመስለኝ ነበር። ለካ አገር ሙሉ በሷ ቀልድ ሲስቅ ኖሯል፤ እኔም አብሬ። እዚያው በኮታቸው ላይ አጎንብሼ እየሳቅኩ አለቀስኩ። አያ ደምሴ የአባታቸውን መሐላ በማፍረሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው «ተቀየምሽኝ?» አሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዛሬ ዘፈን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ማን እንደደረሰው ነው። «ሕዝብ» የሚል ሳገኝ፣ ከበር አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመች የማን እናት ትሆን ብዬ አስባለሁ። ከሰው በታች ኖራ አለፈች ብዬ በግጥም ሳይቀር ያዘንኩላት እናቴ፣ ያን ያህል እንዳልጎደለች ማወቄ ልቤን አሳርፎታል። ሠርግ ቤት ያቺ የጠላ ግጥም ስትወረወርና ሰው ሲስቅ፣ አጠገቤ ያለውን ነካ አድርጌ እናገራለሁ፤ «ይህቺ የሕዝብ አይደለችም፤ የሺ የምትባል ሴት ናት የገጠመቻት። እናቴ ናት።»